ክረምቱን ያለ ሥራ የሚቆይ የፓምፕ ባትሪ አያያዝ

ዝናብ ሲገባ በቁልፍ የሚነሳውን የመስኖ ፓምፓችሁን ታሳርፋላችሁ። ባትሪው ግን ሳይሠራም ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል። ኃይሉ ወርዶ ለወራት ከቆየ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ፕሌቶች ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ጠጣር ነገር ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም ኃይል አይዝም። የሽንኩርት ችግኝ ለተከላ ደርሶ ሞተሩ አልነሳ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ከፓምፑ ላይ አንሱት። መጀመሪያ የኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ገመድ ፍቱ፤ ስትመልሱ ፖዘቲቩ ይቅደም። ደረቅና አየር በሚገባበት ቦታ፣ ልጆች በማይደርሱበት አስቀምጡት። ምድጃ ካለበት ቤት አታስገቡት። በየወሩ በቮልት መለኪያ ለኩት። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ከወረደ እንደገና ቻርጅ ይደረግ። በዚያን ጊዜ የሚወጣው ጋዝ ስለሚቀጣጠል ሲጋራም ሆነ ኩራዝ አይቅረብ።

ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ውሃውን እዩ። ፕሌቶቹን ካልሸፈነ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ጨምሩ። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስላለው ያበላሸዋል። "ደከመ" ብለው አሲድ የሚጨምሩም አጋጥመውኛል፤ ይህ ፕሌቱን ይበላዋል እንጂ ባትሪውን አያድነውም።