ከኦፕራሲዮን በኋላ ወደ ቤት፦ መኪናውንና ሰውን ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሲያዝ ቤተሰብ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ደም ለጋሹ፣ ስለ ሰርጀኑ ይነጋገራል። የመመለሻው መኪና የሚታሰበው ግን ብዙ ጊዜ ሐኪሙ «መውጣት ይችላሉ» ካለ በኋላ፣ የሆስፒታሉ በር ላይ ተቁሞ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ለውሳኔ አይመችም። ማደንዘዣው ከታካሚው ገና በደንብ አልለቀቀም፤ አስታማሚው ሌሊቱን ወንበር ላይ አድሯል፤ ክፍያው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የመውጫ ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች ቀጠሮው ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ከሚያስታምምዎ ሰው ጋር ተቀምጠው ይጨርሷቸው።

ማን ነው የሚወስድዎ?

ሙሉ ማደንዘዣ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከወሰዱ ቢያንስ ለ24 ሰዓት መኪና አይነዱም፤ ውልም ሆነ ሌላ ከባድ ሰነድ አይፈርሙም። ሙሉ በሙሉ የነቁ ቢመስልዎትም ፍሬን የሚረግጡበት ፍጥነትና ነገር የሚያመዛዝኑበት አቅም ገና አልተመለሰም። ሆድዎን ወይም እግርዎን ከተሠሩ ደግሞ ከመሪ የሚርቁበት ጊዜ ይረዝማል። መቼ መንዳት እንደሚችሉ ከመውጣትዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ብቻዎን ታክሲ ተሳፍሮ መሄድም መፍትሔ አይሆንም። ሾፌሩ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፤ ቢያስመልስዎ ወይም ራስዎን ቢስቱ የሚደግፍዎ አጠገብዎ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። አሜሪካ ያሉ የቀን ቀዶ ሕክምና ማዕከላት በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። አዋቂ ሰው ይዘው ካልመጡ ኦፕራሲዮኑን በዕለቱ ሊሰርዙት ይችላሉ፤ የኡበር ሾፌር ደግሞ እንደ አጃቢ አይቆጠርም። እዚያ ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ የሥራ ባልደረባዎን ወይም የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወዳጅዎን አስቀድመው ይለምኑ። ሰው ማስቸገር ይከብዳል፤ ቀጠሮ ተሰርዞ ሌላ ወር መጠበቅ ግን የበለጠ ይከብዳል።

የሚመርጡት ሰው ነርሷ ስለ መድኃኒትና ስለ ቁስል አጠባበቅ ስትናገር አብሮዎት ቆሞ የሚሰማ ይሁን። በማደንዘዣ ማግስት የተነገረዎትን ግማሹን ይረሱታል። ጠያቂ ሁሉ «አብረን እንሂድ» ሲል ደግሞ በጎ ልባቸውን አመስግነው ቤት እንዲጠብቁዎት ይንገሯቸው። እግር የሚዘረጋበት ቦታ ላይ አራት ሰው ሲጨናነቅ የሚጎዳው ታካሚው ነው።

መኪናው ለቁስልዎ ይመቻል?

አዲስ አበባ ውስጥ በራይድ ወይም በፈረስ መተግበሪያ ሲጠሩ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ እንደ ቪትዝ ያሉ ትንንሽ ናቸው። ሐሞት ከረጢቱን በትንሽ ቀዳዳ ለተሠራ ሰው ችግር የለውም። ከታፋ እስከ ቁርጭምጭሚት ጀሶ የታሠረለት ሰው ግን የኋላ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን መዘርጋት አለበት፤ ቪትዝ ውስጥ ይህ አይሆንም። የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረለት ሰው ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ መደገፊያውን ጋደም አድርጎ፣ ከሥሩ ጠንካራ ትራስ ማንጠፍ ያስፈልጋል። በጣም ከፍ ያለ መኪናም ቢሆን ሆዱ ለተሰፋ ሰው መውጣቱ ፈተና ነው። ሚኒባስ ታክሲን፣ ኮንትራትም ቢሆን፣ ጎንበስ ብሎ ስለሚገባበት ባይመርጡት ይሻላል። ባጃጅ ደግሞ በጥርብ ድንጋይ መንገድ ላይ እያንዳንዱን ንዝረት ወደ ስፌቱ ያደርሳል።

ለሾፌሩ በስልክ «በሽተኛ ነው፣ ቀስ ብለህ ነው የምትሄደው፣ ግቢ ውስጥ ገብተህ ነው የምታነሳን» ብለው አስቀድመው ይንገሩት። የማይስማማ ከሆነ ያኔውኑ ሌላ መጥራት ይቻላል። ጥበቃው መኪና ወደ ግቢ ያስገባ እንደሆነ፣ ዊልቸር እስከ በሩ ይሰጡ እንደሆነም ይጠይቁ።

ሰዓቱንም ያስቡበት። ጠዋት ውጡ የተባለ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ ከሰዓት በኋላ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆንና የሥራ መውጫ ትራፊክ ውስጥ ይገባል። አስታማሚዎ ሒሳቡንና መድኃኒቱን በጊዜ ቢጀምር ይህን ማዳን ይቻላል። የማስታገሻ ኪኒንም ከመነሳትዎ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲሰጥዎ ነርሷን ይጠይቁ።

ቀበቶ

«ስፌቱን ይጫነዋል» ተብሎ ቀበቶ መተው የተለመደ ነው፤ ግን ስህተት ነው። ድንገተኛ ፍሬን ቢያዝ ያልታሰረ ሰው በሆዱ ነው የሚመታው። የታችኛው ማሰሪያ ከሆድ ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ፤ በቀበቶውና በቁስሉ መሃል ትንሽ ለስላሳ ትራስ ወይም የታጠፈ ነጠላ ይግባ። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናትም እንዲሁ ታድርግ። ሕፃኑ በራሱ መቀመጫ ቢታሰር ነው የሚሻለው፤ ከቀበቶዋ ሥር ከደረቷ ጋር አብሮ ፈጽሞ አይታሰር። ካቴተር ወይም የፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ካለ፣ ሲቀመጡም ሲነሱም እንዳይጎተት አንድ ሰው በእጁ ይያዘው፤ የሽንት ከረጢቱ ከወገብ በታች ይሁን።

ደረጃውስ?

ይህን ጥያቄ የሚረሳው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከመኪናውም በላይ ያሳስበኛል። ብዙዎቹ የቆዩ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አራተኛ ፎቅ ድረስ ሊፍት የላቸውም። እግሩን የተሠራ ሰው በክራንች፣ ድካምና ማዞር እያለበት፣ ጠባብ ደረጃ ላይ ማለት ነው። መውደቅ እንደገና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሊመልሰው ይችላል።

ስለዚህ በክራንች ደረጃ መውጣትን ሆስፒታል ሳሉ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ይለማመዱ። በአንድ በኩል መደገፊያ ይዘው፣ ሲወጡ ጤነኛው እግር ቀድሞ፣ ሲወርዱ የታመመው ቀድሞ ነው። የማይቻል ከሆነ በጠንካራ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠው የሚያወጡ ሁለት ሦስት ጉልበተኛ ሰዎች ስልካቸው ተይዞ፣ የሚደርሱበት ሰዓት ተነግሯቸው ይጠብቁ። ጎረቤት ለዚህ አይሰስትም፤ በሰዓቱ ካልተነገረው ግን ሥራ ላይ ነው። ደረጃ በሌለው ቤት የሚኖር ዘመድ ካለዎ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያ ማሳለፍ ከሁሉም ይሻላል።

ከክልል ከመጡ

ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር የሚመለስ ሰው ከሆስፒታል በወጣ ማግስት አውቶቡስ ባይሳፈር ይመረጣል። ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ እግር ላይ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል፤ ኦፕራሲዮን፣ በተለይ የዳሌና የጉልበት፣ በላዩ ላይ ያባብሰዋል። ለቁስል ክትትልም ሆነ ለእረፍት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ጥቂት ቀን ይቆዩ። ሲሄዱ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ መኪናው ቆሞ ትንሽ ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፤ ሽንት ፈርተው ውኃ አይተዉ። ከመነሳትዎ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ያጣሩ።

የሬቲና ኦፕራሲዮን ተደርጎ ዓይን ውስጥ ጋዝ የተሞላለት ሰው ግን የተለየ ጥንቃቄ አለበት። ከፍታ ሲጨምር ጋዙ ይለጠጣል፤ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ማየትን እስከማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ጋዙ ጠፍቷል እስኪል ድረስ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ እንደ ጋዙ ዓይነት ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በመኪናም ቢሆን አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደሴ መንገድ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ለዓይን ሐኪምዎ «ወደ ደሴ በጣርማበር ነው የምሄደው» ብለው መንገዱን በስሙ ይንገሩት።

ለሌላ ኦፕራሲዮንም አየር መንገዶች የሐኪም ማረጋገጫ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያጣሩ።

አምቡላንስ መቼ?

መቀመጥ ካልቻሉ፣ ኦክስጅን የሚያስፈልግዎ ከሆነ ወይም አከርካሪዎን ተሠርተው ቀጥ ብለው መተኛት ካለብዎ የግል መኪና አይበቃም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ በ939 ይጠራል፤ እነዚህ ግን ለድንገተኛ ሕመምተኛ ቅድሚያ መስጠታቸው ተገቢ ነው። ለታቀደ ጉዞ እንደ ጠብታ ያሉ የግል አምቡላንሶችን ቀደም ብሎ ማነጋገር ይቻላል። ዋጋውንና አብሮ የሚመጣ ባለሙያ መኖሩን በግልጽ ይጠይቁ።

በመንገድ ላይ ፋሻው በደም ከራሰ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ደረትዎን ከወጋዎ፣ አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠና ካመመዎ ወይም ማስመለሱ አልቆም ካለ ወደ ቤት መቀጠል አያስፈልግም። ሾፌሩ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይዙር። የመውጫ ወረቀቱ ከሻንጣ ሥር ሳይሆን በአስታማሚው እጅ ይሁን፤ የተሠሩበት ክፍል ስልክ ቁጥርም ጀርባው ላይ ይጻፍበት።