ግድግዳችሁን ኖራ ቀቡ



የመጋላ ቤት በሙቀት ወራት እንደ ምድጃ ይግላል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ደግሞ ተባይ ይሸሸግበታል። ለሁለቱም የሚረዳው ኖራ ከእኛው አገር ድንጋይ ይገኛል።

ኖራ ምንድን ነው?
የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ያህል በሚደርስ እሳት ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ሲበርድ ለመቀባት የሚሆነው ነጭ ኖራ ነው። ግድግዳ ላይ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። እንግዲህ ለግድግዳው ስስ የድንጋይ ልብስ አለበስነው ማለት ነው።

ጥቅሙስ?
ነጭ ስለ ሆነ የፀሐይን ትኩሳት ይመልሳል። እርጥብ ሳለ ኃይለኛ ስለ ሆነ ብዙ ጀርሞችንና ሻጋታን ይገድላል። ጥቃቅን ስንጥቅ ይደፍናል። ቆሻሻም ቶሎ ይታይበታል።

አቀባቡ
1ኛ. ግድግዳውን ጥረጉ፤ ትልልቁን ስንጥቅ በጭቃ ምረጉ።
2ኛ. በብረት ባልዲ አስቀድሞ ውሃ፣ ከዚያ ኖራውን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ውሃ በኖራ ላይ ከቶ አታፍስሱ፤ ፈልቶ ይረጫል።
3ኛ. ከድኖ ማሳደር፣ በማግሥቱ በጨርቅ ማጥለል።
4ኛ. ግድግዳውን በውሃ አርጥቦ በስሱ መቀባት፤ ሲደርቅ መድገም።

ተጠንቀቁ!
ኖራ ዓይን ያጠፋል። ልጆችን አርቁ፤ እጃችሁንና ዓይናችሁን ሸፍኑ። ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፤ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ቤቱን ቀባሁት፤ ትኋኑ ግን አልወጣ አለኝ» አሉኝ። አልጋውን ገልብጠን ብናይ ትኋኑ ከእንጨቱ መጋጠሚያ ተኝቷል! እማማ፣ ኖራ ግድግዳ እንጂ አልጋ አያጸዳም። አልጋውን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ልብሱንም መቀቀል ያስፈልጋል።

ወባንም ኖራ አይከላከልም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ትንኝ እንደ ነበረች ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ በርሜላችሁን አጥብቃችሁ ክደኑ። የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች ይመጣሉ ከተባለም ኖራውን አስቀድማችሁ ቀቡ፤ ከተረጨ በኋላ ብትቀቡት ግን መድኃኒቱን ታበላሹታላችሁ።

ነጭ ግድግዳ፣ የተከደነ ውሃ፣ ንጹሕ አልጋ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ቤተ ሰቡ ጤና ያገኛል።