ሲጃራን ስለ መተው፤ መቀነስና ምትክ መያዝ ምን ያህል ይረዳል?

ሲጃራ ጤናን እንደሚጎዳ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን አለ ለማለት አይቻልም። ማስጠንቀቂያው በፓኮው ላይ ከነሥዕሉ ታትሞ ይሸጣል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳቱን እንደ ገና መዘርዘር አይደለም። ብዙዎቹ አጫሾች ለመተው ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን የሚሄዱበትን መንገድ ረጋ ብለው አይመረምሩትም። በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ «እኔስ ቀንሻለሁ» ሲባል እንሰማለን። መቀነስ በእውነቱ ወደ መተው ያደርሳልን? በሲጃራ ፈንታ ከሚያዙት ነገሮችስ የትኞቹ ይረዳሉ፥ የትኞቹ ያታልላሉ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በተራ እንመልከታቸው።

1ኛ/ ሲጃራ ሰውን የሚይዘው በምንድን ነው?

በትምባሆ ቅጠል ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ቅመም አለ። ጢሱ ወደ ሳንባ በተሳበ ጊዜ ኒኮቲኑ በደም አማካይነት ከ10 እስከ 20 በሚደርስ ሴኮንድ ውስጥ ወደ አንጎል ይገባል፤ በዚያም ዶፓሚን የተባለውን የደስታ ስሜት የሚቀሰቅስ ቅመም ያስለቅቃል። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፥ አንጎል የለመደውን ሲያጣ ሐራራ ይነሣል። ሰውየው ይነጫነጫል፥ ሐሳቡ ይበተናል፥ ይቁነጠነጣል። አንድ ሲጃራ ሲለኩስ ይህ ሁሉ ለጊዜው ይበርዳል። ከዚህ የተነሣ አጫሹ «ሲጃራ ጭንቀቴን አስወገደልኝ፥ ለጥናት አነቃኝ» ይላል። ጭንቀቱን ያመጣበት ግን ያው የቀደመው ሲጃራ ነው። ነገሩ ዕዳን በሌላ ብድር እንደ መክፈል ያለ ነው።

ማሰሪያው ግን ኒኮቲን ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ማሰሪያ የእጅና የአፍ ልማድ ነው። በቀን 10 ሲጃራ የሚያጨስ ሰው እያንዳንዱን 10 ጊዜ ቢስበው፥ በዓመት 36,500 ጊዜ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ሦስተኛው ማሰሪያ ጊዜውና ባልንጀራው ነው፤ ይኸውም ቡናው፥ ጫቱ፥ የፈተናው ሌሊት፥ ከምሳ በኋላ በጥላ ሥር የሚደረገው ጨዋታ ነው። እንግዲህ ምትክ የሚፈልግ ሰው ለሦስቱም ሊፈልግ ይገባዋል።

2ኛ/ መቀነስ ይበቃልን?

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለብዙ ነገር እውነት ነው። ስለ ሲጃራ የተደረገው ምርምር ግን ሌላ ነገር ያሳየናል።

በመጀመሪያ፥ በቀን ከ20 ወደ 5 ያወረደ ሰው ብዙውን ጊዜ የቀረችውን እያንዳንዷን ሲጃራ አጥብቆ ይስባታል፥ እስከ መጨረሻዋም ያጨሳታል። ስለዚህ የሚገባበት ኒኮቲን በሲጃራው ቁጥር ልክ አይወርድም። በሁለተኛ ደረጃ፥ እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በቀን 1 ሲጃራ ብቻ የሚያጨስ ሰው በልብ የደም ሥር በሽታ በኩል የሚጨመርበት አደጋ 20 በሚያጨሰው ላይ ከሚጨመረው ግማሽ ያህላል። የሲጃራው ቁጥር ወደ ሃያኛ እጅ ሲወርድ አደጋው ወደ ግማሽ ብቻ ወረደ ማለት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፥ በእንግሊዝ አገር 697 አጫሾች በሁለት ተከፍለው ተፈተኑ። የመጀመሪያዎቹ ቀን ቆርጠው በዚያው ቀን በአንድ ጊዜ ተዉ፤ የቀሩት በ2 ሳምንት ውስጥ እየቀነሱ ተዉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፥ ከ4 ሳምንት በኋላ በአንድ ጊዜ ከተዉት ከመቶ 49፥ እየቀነሱ ከተዉት ከመቶ 39 ጸንተው ተገኙ። ከ6 ወር በኋላም 22 እና 15 ተኩል ሆኑ። እየቀነሱ የተዉትም ቢሆኑ ቀን ተቆርጦላቸው እንደ ነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ መቀነስ ከንቱ ነው አንልም። ቀን የተቆረጠለት መቀነስ ወደ መተው ሊያደርስ ይችላል፤ ቀን የሌለው መቀነስ ግን የማጨስ ሌላ ስም ነው።

«ጉልበቱ የለኝም» ለሚል ሰው መልስ አለን። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሲጃራ ያልነካ፥ ወይም በረመዳን ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ የታገሠ ሰው ጉልበት እንዳለው ራሱ መስክሯል። የጎደለው ፋሲካው ወይም ዒዱ ሲደርስ የሚመለስበትን በር አስቀድሞ አለመዝጋቱ ነው።

3ኛ/ ስለ ምትክ

ሀ) ለኒኮቲኑ። የስዊድን ባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች በመርከቡ ውስጥ ማጨስ ስለማይችሉ ትምባሆ በአፋቸው ይይዙ ነበር። ኦቬ ፌርኖ የተባለው ስዊድናዊ የመድኃኒት ተመራማሪ ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኒኮቲን ያለበትን ማስቲካ አዘጋጀ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰውን በይበልጥ የሚገድለው ጢሱ፥ የሚያስረው ግን ኒኮቲኑ ስለሆነ፥ ኒኮቲኑን ያለ ጢስ ሰጥቶ ቀስ በቀስ ማስቀረት ነው። ማስቲካውም ሆነ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር የመተውን ዕድል በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ሁለቱ በአንድነት ሲሆኑ ደግሞ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ። ማስቲካው እንደ ሌላው ማስቲካ ሳያቋርጡ አይታኘክም፤ ጥቂት ታኝኮ ምላስን መቆንጠጥ ሲጀምር በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከእነዚህ ሌላ ቫሬኒክሊን፥ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን የተባሉትን መድኃኒቶች ደግፏል። እነዚህ በአገራችን መድኃኒት ቤቶች እንደ ልብ ስለማይገኙና ለሁሉም ሰው ስለማይስማሙ ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

ለ) ለእጅና ለአፍ። አንድ ሐራራ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰው ቢያሸንፈውም ባያሸንፈውም ያልፋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ያችን ጥቂት ደቂቃ የሚያሳልፍበት ነገር ነው። መፋቂያ በአፍ መያዝ፥ አንድ ዕፍኝ ቆሎ መቆርጠም፥ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት፥ ግቢውን አንድ ጊዜ በፍጥነት መዞር፥ ሁሉም ዋጋቸው ጥቂት፥ ጥቅማቸው ብዙ ነው።

ሐ) ለባልንጀራ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው»። የሚተውበትን ቀን ለጓደኞቹ የነገረ ሰው ሸክሙን አካፈለ። የሚያጨሰውን ጓደኛ መሸሽ አያስፈልግም፤ «እባክህ አትጋብዘኝ» ማለት ይበቃል። ሲጃራን ከጫት ጋር ያጣመረ ሰው ግን ጫቱን ይዞ ሲጃራውን ብቻ ለመተው መሞከሩ ከባድ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠራዋልና።

መ) የሚያታልሉ ምትኮች። ሺሻና ጋያ ምትክ አይደሉም። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጠራውም፤ ከሰሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። ሱረትም ቢሆን የኒኮቲኑን ሱስ እንዳለ ያቆያል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጃራ (ቬፕ) ደግሞ ሁለቱንም ወገን መናገር ይገባል። ለመተው የቆረጡ አጫሾችን ከማስቲካውና ከፕላስተሩ ይበልጥ እንደ ረዳ በጥናት ታይቷል፤ መርዙም ከሲጃራ ጢስ ያነሰ ነው። ነገር ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ አጭሶ ለማያውቅ ወጣትም ወደ ሱስ መግቢያ በር ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ንግዱን ከልክሏል።

4ኛ/ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች

ከዛሬ ጀምሮ እስከ 2 ሳምንት ካለው ጊዜ አንድ ቀን ምረጡ። እስከዚያው እያንዳንዷን ሲጃራ መቼና ለምን እንዳጨሳችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ሦስቱ ማሰሪያዎች የት የት እንዳሉ ይታያችኋል። ቀኑ ሲደርስ ፓኮውን፥ ክብሪቱንና መተርኮሻውን አስወግዱ። ሐራራው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች ይበረታል፤ ከ2 እስከ 4 ባለው ሳምንት ውስጥ ግን እየደከመ ይሄዳል። ቡና ጠጪዎች አንድ ነገር ይወቁ። የሲጃራ ጢስ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስለዚህ ሲጃራ ሲቆም ያው የተለመደው ቡና እጥፍ ያህል ይሠራል፤ እንቅልፍ ማጣትና የልብ መምታት ያመጣል። ቡናውን በግማሽ መቀነስ ይህን ያቃልላል። ከተዉ በኋላ አንዲት ሲጃራ ያጨሰ ሰው ቢኖር «ከሆነ ሆነ» ብሎ ፓኮ አይግዛ፤ በዚያው ሰዓት ይመለስ። ተሳክቶላቸው ከተዉት ብዙዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ የሞከሩ ናቸው።

በመጨረሻም፥ ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የእንግሊዝን ሐኪሞች 50 ዓመት ተከታትለው በ2004 ያሳተሙት ውጤት ለእኛ ዕድሜ በተለይ ይናገራል። ዕድሜ ልኩን ያጨሰ ሰው ካላጨሰው 10 ዓመት ያህል ቀድሞ ይሞታል። በ60 ዓመቱ የተወ 3 ዓመት፥ በ50 የተወ 6፥ በ40 የተወ 9 ዓመት ያተርፋል። በ30 ዓመቱ የተወ ግን 10ሩንም ዓመት ከሞላ ጎደል መልሶ ያገኛል። ይህን ጽሑፍ ከምናነበው አብዛኞቻችን 30 አልሞላንም። ሂሳቡ ሙሉ በሙሉ ሊመለስልን የሚችልበት ጊዜ በእጃችን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ነገር ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ አንድ ቀን ማክበብ ብቻ ነው።