የድራማ ወዳጆች የሚቀጥሉት ታሪክ

አንድ ተከታታይ ድራማ ካለቀ በኋላ «ከዚያስ?» እያለ ታሪኩን በራሱ ብዕር የሚቀጥል ተመልካች አይጠፋም። ፈረንጆቹ ይህን ሥራ «ፋን ፊክሽን» ይሉታል፤ እኛ «የወዳጅ ልብ ወለድ» ብንለው ያስኬዳል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በሰው ቤት ላይ ሰገነት እንደ መሥራት ቈጥረን ስለምንንቀው፥ ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም። «ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1966 እስከ 1969 በ79 ክፍሎች ታይቷል። ገና በመታየት ላይ ሳለ፥ በ1967፥ ወዳጆቹ «ስፖካናሊያ» የምትባል መጽሔት አወጡ፤ እርሷም እንደኛዋ በማባዣ መኪና የተባዛች ነበረች! ስሟን ያገኘችው ስፖክ ከተባለው ባለታሪክ ነው፤ እናቱ የምድር ሴት፥ አባቱ የሌላ ዓለም ሰው፥ ስሜቱን ለማንም የማይገልጥ። እርሱ ዝም ስላለ ወዳጆቹ ጻፉለት።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2000ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን «ሰው ለሰው»ን የተከታተለ ሁሉ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አይረሳም። ተመልካቹ ይህን ጨካኝ ባለሀብት እየጠላ ይናፍቀው ነበር።

ባለፈው ዕረፍት ጥቂት ጓደኞች ሆነን ላንጋኖ ዳር ድንኳን ተክለን ነበር። (ውኃው ከሻይ አይለይም፤ መጀመሪያ የገባው ሰው ብዙ ተለምኖ ነው።) ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን የአስናቀን ታሪክ ተራ በተራ እንድንቀጥል ተስማማን። አንዱ አስናቀን ቤተ ክርስቲያን አስገብቶ፥ አስለቅሶ፥ ይቅርታ አስጠየቀው። «ይኸማ አስናቀ አይደለም!» ብለን ጮኽንበት። ቀጥላ አንዲት እኅታችን ከራሷ በፈጠረችው በአስናቀ ግቢ ዘበኛ አፍ ተናገረች። ዘበኛው ሌሊት በር ይከፍታል፤ ጧት መኪናውን ያጥባል፤ ምን እንደሚያጥብ ግን አይጠይቅም። በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ቈጥሮ ለእናቱ ይልካል። ማንም አልሳቀም። ዘበኛው ከበደሉ ድርሻ አለው ወይስ የለውም በሚለው እሳቱ እስኪጠፋ ተከራከርን፤ አልተስማማንምም።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ድራማው የሠራውን ሰው አፍርሶ ሌላ ሰው በስሙ ጠራ፤ ተበዳዮቹንም ሳይጠይቅ ማረለት። ሁለተኛዋ ግን ከድራማው አንዳች ሳትለውጥ ካሜራው ያልቆመበት ቦታ ላይ ቆመች። በእኛ ግምት ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት ለባለቤቱ ይሰጣል። ስለዚህ እሳት ዳር ማውጋት ሌላ፥ አሳትሞ መሸጥ ሌላ።

መሞከር የሚሻ ከሚወደው ድራማ በር የሚከፍት ወይም ሻይ የሚያቀርብ አንድ ሰው ይምረጥ፤ አንድ ሌሊት ብቻ ይስጠው። ዋናው ባለታሪክ ከሁለት ጊዜ በላይ አይናገር፤ አንዴ ከጀመረ ጨዋታውን ሁሉ ይወስድበታል።