የቤርያ ሰዎችና የእጃችን ስልክ

የጥናት ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 17፥10-21። ወደዚህ ጽሑፍ ከመግባታችሁ በፊት ክፍሉን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካለ ጠርታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።



ዛሬ ስለ ስልክ ነው የምናጠናው። አትሳቁ። «ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ተጠንቶ አለቀ እንዴ?» የሚል ይኖራል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እዚህ ካኩማ ጠዋት ዓይናችን ሲገለጥ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ የት ነው? የእኔ እጅ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ አይደለም። ስለዚህ ይህ ትምህርት መጀመሪያ ለእኔ ነው።

ማታ ማታ ሙቀቱ ቀዝቀዝ ሲል በየአጥሩ ሥር የሚሆነውን ታውቃላችሁ። አንዱ የ20 ሽልንግ ባንድል ይገዛል፤ አምስት ስድስት ሰው በአንዲት ስልክ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ይጋጫል። ጣራ ላይ የወጣ ፍየል፣ በራሱ ጎል ላይ ኳስ ያስገባ በረኛ፣ የሠርግ ኬክ ይዞ የወደቀ አስተናጋጅ እያየን እንስቃለን። ይህን ኃጢአት ነው ብዬ አልሰብክም። ምሳሌ 17፥22 ደስ ያለው ልብ ለሰው መድኃኒት እንደሚሆን ይናገራል። ከአጥሬ ቀጥሎ ያሉ አንድ አባት ልጃቸው በሱዳን በኩል ከሄደ ወዲህ ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም ነበር። ያ ፍየል ጣራ ላይ ቆሞ ባለቤቱን ቁልቁል ሲመለከት «ይሄ የእኛን ሰፈር ሹም አይመስልም?» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። የዚያች ምሽት 20 ሽልንግ በከንቱ አልጠፋችም።

ማርም ልክ አለው፣ ምሳሌ 25፥16 እንደሚመክረን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ ያፈጠጠ ጎረምሳ፣ ጠዋት ጀሪካኑን ይዛ ሰልፍ የምትቆምለት እናቱ ናት። ይህን እዚህ ላይ ልተወው፤ የሚመለከተው ሰው ራሱን ያውቃል።

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። ጳውሎስንና ሲላስን ከተሰሎንቄ በሌሊት ነው ያስወጧቸው። በሌሊት መውጣት ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ቤርያ ደርሰው በምኩራብ ተናገሩ። ሉቃስ ስለ ቤርያ ሰዎች ሁለት ነገር ይጽፋል፣ እኛ ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የምንይዘው። አዲሱን ነገር በደስታ ሰሙት፣ «ያልለመድነው ነው» ብለው ጆሯቸውን አልደፈኑም። ደግሞም ነገሩ እውነት እንደሆነ በየቀኑ መጽሐፍ እየገለጡ አጣሩ። ማንን ነው ያጣሩት? ጳውሎስን እኮ ነው! ሐዋርያውን! እሱም አልተቀየመም፣ ሉቃስም «የማያምኑ ናቸው» አላላቸውም፤ እንዲያውም ከተሰሎንቄዎቹ አስበልጦ አመሰገናቸው።

ጳውሎስ ከዚያ ተነስቶ አቴና ገባ። ቁጥር 21ን ተመልከቱ። የአቴና ሰዎች አዲስ ነገር ከመስማትና ከማውራት በቀር ለሌላ ነገር ጊዜ አልነበራቸውም። ሉቃስ የአገሩን ሰው ብቻ ነው የጠቀሰው? አይደለም፣ እዚያ የተቀመጡትን እንግዶችም ጨምሯል። እንግዳ ማለት እኛ ነን። ሥራ የሌለው፣ ወረቀቱን ዓመት ከዓመት የሚጠብቅ ሰው ወሬ ይርበዋል። የቤርያም ሰው የአቴናም ሰው አዲስ ነገር ይወዳል። ቤርያ ግን «እውን እንዲህ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አቴና «ሌላስ ምን አለ?» ይላል።

እኔ በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ ስልክ፣ አንድ ጊዜ ቤርያ አንድ ጊዜ አቴና ሆኛለሁ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የሸክላ ነገር ነው። ከኪታሌ በጭነት መኪና የሚመጣልንን ቲማቲም ታውቁታላችሁ። እሁድ የተገዛው ማክሰኞ ይላላል፣ ረቡዕ ለፍየል ነው። አንድ ቀን የፍየሉን ቪዲዮ ስፈልግ ሌላ ቪዲዮ መጣልኝ። መሐመድ ባህ አባ ስለሚባል የሰሜን ናይጄሪያ መምህር ይናገራል። ቤተሰቡ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እሱም ያንን የቤቱን ሙያ ይዞ፣ መብራት ለሌለው ገበሬ የሚሆን ማቀዝቀዣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሠራ፤ በ2000 ሮሌክስ የተባለው የሰዓት ኩባንያ ሸለመው። ደበርጃን፣ ኬንያዎቹ ብሪንጋኒያ የሚሉት፣ ውጭ ሦስት ቀን የሚቆየው በእሱ ሸክላ ውስጥ 27 ቀን ቆየ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ ታስቀምጣለህ። በሁለቱ መካከል ዙሪያውን አሸዋ ትሞላለህ። አሸዋውን ውሃ ታጠጣዋለህ። አትክልቱን ውስጠኛው ውስጥ ከትተህ በእርጥብ ጨርቅ ትከድነዋለህ። ውሃው በውጭኛው ሸክላ ገላ በኩል እየተነነ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ላብህ ንፋስ ሲያገኘው ሰውነትህ እንደሚበርድልህ ማለት ነው። ጥላ ያለበት፣ ንፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይፈልጋል እንጂ የተዘጋ ቤት ውስጥ አይሠራም። እንደ ሞምባሳ አየሩ እርጥበት የሞላበት ቦታም እምብዛም አይጠቅም። የካኩማ ደረቅ ንፋስ፣ ያ ሁላችንም የምናማርረው፣ ለዚህ ግን ይመቻል።

ወዲያው ለሰው አልተናገርኩም። በስዋሂሊ ቹንጉ የሚሉትን ሸክላ ትልቅና ትንሽ አድርጌ ገዛሁ፣ አሸዋ ከላጋው አመጣሁ። የውሃ ነገር ስለሚያሳስበኝ እቃ ያጠብኩበትን አፈሰስኩበት፤ በሦስተኛው ቀን ቤቱን ሁሉ አሸተተው፣ ባለቤቴ «ይሄ የናይጄሪያ ቅመም ነው?» አለችኝ። አሸዋውን ደፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ንጹህ ውሃ፣ ጠዋት አንድ ጆግ፣ ማታ አንድ ጆግ። ከአንድ ክምር የተገዛ ቲማቲም ግማሹን ውስጥ፣ ግማሹን መደርደሪያ ላይ አደረግሁ። መደርደሪያው ላይ ያለው በአራተኛው ቀን ፈሰሰ። ውስጥ ያለው በዘጠነኛው ቀን በቢላ ሲቆረጥ ገና ጠንካራ ነበር። ወተት ሞክሬ ግን ኮምጥጦብኛል። ፍሪጅ አይደለም፣ ሥጋ አታስቀምጡበት። መድኃኒት ለማስቀመጥ የሚያስብም መጀመሪያ ክሊኒክ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ነገር ለመጻፍ ይከብደኛል። ግን ስለ ቤርያ ጽፌ ይህን ብደብቅ እግዚአብሔር ያየኛል።

በዚያው ወር በዋትስአፕ መልእክት መጣልኝ። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱ ሰዎች ስም እየተመዘገበ ነው፣ እስከ ዓርብ 3,000 ሽልንግ የፎርም በኤምፔሳ ላኩ ይላል። ላዩ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ምልክት አለበት። እኔ ወደ ጸሎት እየሄድኩ ነበር፣ ቆሜ እንኳ አላነበብኩትም። ለቤተ ክርስቲያናችን ግሩፕ ላክሁት። መላክ ብቻ መች በቃኝ፣ ከሥሩ በራሴ እጅ «ወገኖች ፍጠኑ፣ ጌታ በር ከፍቷል» ብዬ ጻፍሁበት።

ለሸክላው ከዘጠኝ ቀን በላይ ፈጀሁ። ለዚህ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ቲማቲም ቢበላሽ የሚጠፋው ቲማቲም ነው፤ ምን ነካኝ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ሁላችሁም እንጀራቸውን በልታችኋል፣ ስማቸውን አልጽፍም። «የስሙ ዝርዝር መቼ ነው የሚለጠፈው?» አሉኝ። የትኛው ስም? አልኩ። ለልጅ ልጃቸው ዩኒፎርምና ለክረምት ምጣድ ማደሻ ከእንጀራው ሽያጭ ያጠራቀሙትን 3,000 ሽልንግ ልከዋል። ስልኩን ደወልን፣ ተዘግቷል። መልሰን ደወልን። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔ እኮ ማንበብ አልችልም። የልጅ ልጄ አንብቦልኝ ማን ላከው ስለው ወንጌላዊው አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እጠይቃለሁ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ያመኑት ሌባውን አልነበረም፤ የማያውቁትን ሰው አላመኑም። ያመኑት እኔን ነው። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን ያጣሩት ለዚህ ነው ብዬ አሁን ነው የገባኝ፣ ስንት ጊዜ ሰብኬው።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ የተማርኩትን ያዙልኝ። የስደተኞች ኮሚሽን፣ ዩኤንኤችሲአር ማለት ነው፣ ወደ ሦስተኛ አገር ለመላክ በየትኛውም ደረጃ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፎርም በነጻ ነው፣ ቃለ መጠይቅ በነጻ ነው። ገንዘብ የጠየቀህ ሰው፣ መታወቂያ ቢያንጠለጥልም፣ ሌባ ነው። ምልክት ያለበት ወረቀት ማመኛ አይሆንም፣ ያንን ምልክት አንድ ልጅ ከስልኩ ላይ ቆርጦ ይለጥፈዋል። ዋትስአፕ ላይ ከመልእክቱ በላይ ሁለት ቀስት አንድ ላይ ካየህ ያ መልእክት ብዙ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ ነው። ውሸት ነው ማለት አይደለም። የላከልህ ሰው ግን ከየት እንደተነሳ ላያውቅ ይችላል። «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ብለህ ጠይቀው፣ እኔንም ቢሆን። ገንዘብ ተሳስቶ ከሄደ ደግሞ በኬንያ የኤምፔሳውን መልእክት ቶሎ ወደ 456 መላክ ነው፤ ተቀባዩ ካላወጣው የመመለስ ዕድል አለው። እኛ ይህን ያወቅነው ከሄደ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ስልኩን ጣሉት ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንዲህ የሚሉ ወንድሞች አሉ፣ አከብራቸዋለሁ፣ ግን አልስማማም። ቤርያ ጆሮዋን አልደፈነችም። ከእኛ ወጣቶች አንዱ ስልክ መጠገን የተማረው ከህንዶች ቪዲዮ ነው። የሚናገሩት ህንድኛ ነው፣ አንድ ቃል አይገባውም፣ እጃቸውን እያየ ነው የተማረው። መጀመሪያ የራሱን የተሰበረ ስልክ ነው ሦስት ጊዜ የፈታው እንጂ የሰው አልነካም። ዛሬ ገበያው አጠገብ ጠረጴዛ አለው፣ ሂዱና እዩት።

በየቤቱ ለጥናት ስትሰበሰቡ ስልካችሁን አውጡና ለሰው የላካችሁትን የመጨረሻ መልእክት ክፈቱ። ከየት ነው ያገኘኸው? እውነት መሆኑን በምን አወቅህ? በቡድኑ ውስጥ «አንተ ከላክኸውማ» ብሎ ሳይጠይቅ የሚያምን ማን አለ? ስሙን ጥሩት። ከዚያ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21ን አንብቡ። በጎውን ያዙ ከማለቱ በፊት ምን አድርጉ እንዳለ ተነጋገሩበት።

ገንዘቡን በየወሩ 500 ሽልንግ እየከፈልኩ ነው፤ አራት ከፍያለሁ፣ ሁለት ይቀራል። እኒያ እናት መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር፣ ባለቤቴ ናት ያስማማቻቸው።

ባለፈው እሁድ ስለ ሸክላው በጉባኤ ስናገር ብዙዎች «አሜን» አሉ። እሳቸው አላሉም። ሰኞ ጠዋት ቤቴ መጡ። «ላየው» አሉ። ጨርቁን ገልጠው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱና ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ይሄማ የእናቴ እንስራ ነው። ገላው ሲያልበው ውሃው ይበርዳል። ይህን ለማወቅ ናይጄሪያ ድረስ ሄድክ?» አሉኝ።

አመኑ ብዬ ደስ አለኝ። አላመኑም። ከመቀነታቸው ስድስት ቲማቲም አወጡ፣ ከአንድ ክምር የገዙት። ሦስቱን እኔ ሸክላ ውስጥ አኖሩ፣ እንዳልለውጥባቸው ጭራቸው ላይ ጥቁር ክር ቋጠሩበት። ሦስቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሚመጣው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እናያለን፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። እስከዚያው ግን ክሩ ያለበትን ቲማቲም የእኔ ልጆች እንኳ እንዳይነኩ ብለውኛል።