ትንሿን ሞተር ለረጅም መንገድ ማሰናዳት፦ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ጣርማበር

ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ ወደ ነጂው የተቀለበሰ ሰፊ መሪና ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ያላቸው ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች፣ ሱዙኪ ጂኤን 125ና በእሷ አምሳል ከቻይና የሚመጡት፣ የከተማ ሞተሮች ናቸው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቀበና ወርዶ፣ አራት ኪሎ ደርሶ ለመመለስ የሚጎድላቸው ነገር የለም። ደብረ ብርሃን፣ ደሴ ወይም ደጀን ልሂድባት ያለ ሰው ግን አስቀድሞ መፍቻ ማንሳት አለበት።

በስልክ የምናያቸው የማሻሻያ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ሜዳማ በሆነና ለባሕር ወለል በቀረበ አገር የተቀረጹ ናቸው። የፊት ጥርስ ጨምር፣ ትልቅ የንፋስ መከላከያ ግጠም፣ ሻንጣ ጫን ይላሉ። የእኛ አውራ ጎዳና ግን ከርዝመቱ ይልቅ ቁመቱ ያስቸግራል። ፈረንሳይ ራሱ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በደሴ መንገድ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያወርድዎታል። በጎጃም በኩልም ቢሆን ያው ነው፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ተነስተው አባይ ድልድይ ዘንድ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ይወርዱና ደጀን ለመድረስ መልሰው ይወጡታል። ስለዚህ እዚህ የምዘረዝረው ሥራ ሞተሯ በደንብ እንድትወጣና በሰላም እንድትወርድ እንጂ እንድትበር አይደለም።

ወረቀቱ ይቅደም

ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር የሚነዳው በፈቃድ ነው። ፈቃዱ፣ ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑና መንጃ ፈቃዱ ካልተሟሉ አያት እንኳ ሳይደርሱ ጉዞው ያልቃል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊ ምርመራን ግዴታ አድርጎታል፤ ስለዚህ ማንኛውም ለውጥ መርማሪ ፊት እንደሚቀርብ አስበው ይሥሩ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን የሚሸፍን ብረት አይግጠሙ። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻና ማርሚታ አይንቀሉ። ስለ መንገዱ ሁኔታ ደግሞ ከመውጣትዎ በፊት በዚያው መስመር ከሚመላለሱ ሾፌሮች ይጠይቁ፤ በአንዳንድ ከተማ ሞተር የሚታገድበት ሰዓትና ወቅት አለ።

ካርቡራቶር

ሥራው ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። (ሞተርዎ ነዳጅ የሚረጨው በኤሌክትሮኒክ ከሆነ ይህን ክፍል ይለፉት።)

አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር በአራተኛ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። በወረቀት 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ሞተር እኛ ዘንድ የምትሰጠው 9 አካባቢ ነው፤ ጣርማበር ላይ ከዚያም ያንሳል። ይህን ጉልበት ማንም መካኒክ አይመልስልዎትም። መመለስ የሚቻለው በነዳጅ ብዛት የሚባክነውን ነው። ፋብሪካው ለዝቅተኛ አገር ብሎ የገጠመው የካርቡራቶር ዋና ጄት፣ አየሩ ሲቀንስ ነዳጁን በዚያው መጠን አይቀንስም። ውጤቱ የታፈነ ድምፅ፣ ጥቁር ጭስና አቀበት ላይ የሚያስነጥስ ሞተር ነው።

መመርመሪያው ካንዴላው ነው። አዲስ ካንዴላ ያስሩና ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን አቀበት ይያዙ። ለዚህ ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ቅርብ ነው፣ ረጅም ነው፣ ፋታ አይሰጥም። ማለዳ ላይ ግን እንጨት የተሸከሙ እናቶችና ባህር ዛፍ የተጫኑ አህዮች ቁልቁል ስለሚመጡ፣ ጋዙን የሚከፍቱት ወደፊት ጥርት ብሎ በሚታይበት ቀጥ ያለ ቦታ ብቻ ይሁን። በሦስተኛ ማርሽ ጋዙን ሙሉ ለሙሉ ከፍተው ትንሽ ከሄዱ በኋላ ፍሪሲዮን ይያዙ፣ በዚያው ቅጽበት ሞተሩን ያጥፉ፣ ዳር ይዘው ይቁሙ። በረድ ሲል ካንዴላውን ፈተው ጫፉን ወደ ብርሃን ይያዙት። ነጩ ሸክላ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ በዝቷል። ወረቀት መስሎ ከነጣ ነዳጁ አንሷል፣ ሞተሩም በሙቀት እየተቃጠለ ነው። የሚፈለገው በስሱ የተቆላ ቡና ቀለም ነው።

ጥላሸት ከሆነ ዋናውን ጄት በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ያሳንሱ፤ 100 ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ 97.5፣ ቢበዛ 95። ከዚያ በታች አይሂዱ። ምክንያቱም ይህችው ሞተር ነገ ሸዋ ሮቢት ወይም አባይ በረሃ ትወርዳለች፤ እዚያ አየሩ ወፍራም፣ ቀኑም ሞቃት ነው። ለእንጦጦ ልክ የሆነው ጄት በረሃ ላይ ፒስተን ይበላል። እኔ የምመርጠው ጄት ደጋ ላይ በጥቂቱ ጠቆር የሚያደርገውን ነው፤ ጠቆር ያለ ካንዴላ በብሩሽ ይጸዳል፣ የተቃጠለ ፒስተን ግን ሞተሯን መኪና ላይ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነው። የወጣውን ጄት አይጣሉት፤ በላስቲክ ጠቅልለው ከመፍቻው ጋር ያስቀምጡት። ጄቱን ከመንካትዎ በፊት ደግሞ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ፤ በአቧራ የታፈነ ፊልትሮም ያንኑ ጥላሸት ያመጣል። ፊልትሮውን አውጥቶ ጥሎ «አሁን ተነፈሰች» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት አመስግነው ይሂዱ።

የጥርስ ነገር

ጋራዥ ገብተው «ረጅም መንገድ ልሄድባት ነው» ቢሉ ከአሥሩ መካኒክ ዘጠኙ «የፊት ጥርስ አንድ ጨምርላት፣ ትበራለች» ይላል። ሒሳቡን እንሥራው። የፊቱ 14፣ የኋላው 42 ጥርስ ቢሆን፣ ፊቱን 15 ማድረግ የሞተሩን ዙር በ7 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ንዝረቱ ቀለል ይላል፣ ድምፁም ይረጋል። ነገር ግን ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጉልበቷን በአራተኛ እጅ አየሩ በወሰደባት ሞተር ላይ፣ ነጂና ሻንጣ ጭነው፣ ይህን ሲጨምሩበት አምስተኛው ማርሽ ለጌጥ ይቀራል። ከሰንዳፋ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ሜዳ ይመስላል እንጂ ቀስ እያለ የሚወጣ ነው፤ በአራተኛ ማርሽ እያጓራች ትሄዳለች፣ ነዳጅም ትበላለች።

ስለዚህ ደጋውን ይዞ ለሚሄድ የፋብሪካው ጥርስ ይቆይ። ጉዞው ወደ ዝቅተኛው አገር፣ ለምሳሌ በአዋሽ በኩል ወደ ድሬዳዋ ከሆነ ግን 15ቱ ዋጋ አለው። የፊት ጥርስ ትንሽና ርካሽ ነገር ናት፤ ሁለቱንም ይግዙና አንዷን ቦርሳ ውስጥ ይያዙ። ለመቀየር ግማሽ ሰዓት በቂ ነው፤ የአንድ ጥርስ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ካቴናውን ሳይቆርጡ በማወጠሪያው ይስተካከላል። ሶማሌ ተራ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የመሐሉ ቀዳዳ ጥርስ በጥርስ ካልገጠመ ቁጥሩ ቢመሳሰልም አይሆንም።

ፍሬን

መውጣት ያቃታት ሞተር ትቆማለች፤ መውረድ ያቃታት ግን አትቆምም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ዘይትም ሲሞቅ ይፈላል፤ ያኔ የፊት ፍሬኑ እጅዎ ላይ ይላላል። ከጉዞው በፊት አሮጌውን አፍስሰው አዲስ ያስገቡ፣ አየሩን በደንብ ያስወጡ። የኋላውን ታምቡር ይክፈቱ፤ ሸራው ከሳሳ ወይም እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ይቀየር።

ከዚያ የነጂው ልማድ ይቀየር። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ፣ ይባስ ብሎም ሞተር አጥፍቶ መንሸራተት፣ በትንሽ ሞተር ራስን እንደመጣል ነው። የወጡበት ማርሽ የሚወርዱበት ማርሽ ይሁን። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ ፍሬን ከመጠምዘዣ በፊት አጠር አድርጎ ተጭኖ መልቀቅ ነው እንጂ ቁልቁለቱን ሙሉ ረግጦ መያዝ አይደለም።

መቀመጫና መሪ

የፋብሪካው ስፖንጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተጋድሞ ብረቱን ያስነካል። የመኪና ወንበር የሚሰፉ ሰዎች ዘንድ ይውሰዱትና ጠጠር ያለ ስፖንጅ ከታች፣ ለስለስ ያለ ስስ ስፖንጅ ከላይ ያስደርጉ። ለስላሳ ብቻ ካደረጉት ሱቁ ውስጥ ይመቻል፣ ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ ጫጫ ላይ ያማርራል። ከኋላ በኩል ትንሽ ከፍ ማለቱ ወገብ ይደግፋል፤ ፊቱ ግን ጠበብ ብሎ እግርዎ መሬት መንካት አለበት።

መሪው በጣም ወደ ኋላ የተቀለበሰ ከሆነ መያዣዎቹን አላልተው ጥቂት ወደ ፊት ያዘንብሉት። ደረትዎ በትንሹ ወደ ንፋሱ ሲያጋድል ጀርባዎ ያርፋል። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው የፍሪሲዮንና የጋዝ ገመዱ አለመወጠሩን ይመልከቱ። የንፋስ መከላከያ ከፈለጉ እስከ ደረት የምትደርስ ትንሽ ትበቃለች፤ ትልቁ ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለው የጎን ንፋስ መሪ ያስታል፣ ያለውንም ጉልበት ይበላል።

ፖርቶመጋላ

በያጅ ዘንድ ከመግባትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። የመበየጃው ኮረንቲ የማቀጣጠያ መቆጣጠሪያውን (ሲዲአዩን)ና የባትሪ ቻርጅ መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሞተሯ ላይ ጨርሶ አለመበየድ ነው፤ ልኩን ወስደው ፖርቶመጋላው ለብቻው በቀጭን ቱቦ ይሠራና በሾክ አብዘርበሩ የላይኛ ቡሎንና በፓራፋንጎው ቡሎኖች ይታሰር። ሻንሲ ላይ የተበየደ ብረት በንዝረት መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ሻንሲውን ነው።

ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም መፍቻና ዘይት፣ ዝቅ ብሎ ለነጂው ይቅረብ፤ ከላይ በኋላ በኩል ልብስ ብቻ። የነዳጅ ጀሪካን አይጫኑ። ይህች ሞተር ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ገደማ ናት የምትፈልገው፤ 10 ሊትር የምትይዝ ታንክ ሞልተው ቢነሱ ደብረ ብርሃን ደርሰው ለመመለስ ይበቃዎታል። ሻንጣው ማርሚታውን አለመንካቱን ነጂው ተቀምጦ፣ ሾኩ ሲወርድ ነው የሚታየው፤ ቆማ ሲያዩት ሁሉም ደህና ይመስላል።

ስልክና መብራት

የስልክ ቻርጀር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ማደያ ላይ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት ከሆነ ወዲህ ግን ባትሪው ያለቀ ስልክ ማለት ባዶ ታንክ ማለት ነው። የዩኤስቢ መሰኪያውን ከቁልፍ በኋላ ከሚመጣው ሽቦ ይውሰዱ፤ ሞተር ሲጠፋ አብሮ ይጥፋ። ከ3 እስከ 5 አምፔር ፊውዝ አይዝለሉ። የሞተሯ ዳይናሞ ደካማ ስለሆነ የፊቱን 35 ዋት አምፖል በጥሩ ኤልኢዲ ቢተኩት ለቻርጀሩ የሚበቃ ኃይል ይተርፋል። ኤልኢዲው ማታ ግድግዳ ላይ ይፈተሽ፤ ብርሃኑ ወደ ላይ ከተበተነ መንገዱን ሳይሆን የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ነው የሚያበራው።

ዘይትና ጎማ

በአየር የሚበርድ ሞተር ማቀዝቀዣው ዘይቱም ጭምር ነው፤ የሚይዘው ደግሞ 1 ሊትር ገደማ ብቻ። ከመነሳትዎ በፊት ይቀየር። የመኪና ዘይት አይጨምሩ፤ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ ይንሸራተታል፤ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ይፈልጉ። ቫልቮቹ በብርድ ሞተር ይስተካከሉ። ከመነዳሪ ሁለት ይያዙ፤ የፊቱ 18፣ የኋላው 16 ከሆነ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ በእርስዎ ልክ ከመነዳሪ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ሙከራው

መጀመሪያ ሰንዳፋ ደርሰው ይመለሱ፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ቆመው የፖርቶመጋላውን፣ የመሪውንና የማርሚታውን ቡሎኖች በመፍቻ ይዳስሱ፤ አዲስ የታሰረ ነገር ሁሉ በመጀመሪያው ንዝረት ይላላል። ቀጥሎ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር፤ በሰዓት ከ65 እስከ 70 ይያዙ፣ ሲደርሱ ካንዴላውን ፈተው ቀለሙን ይዩ፣ ካቴናውን ይለኩ።

ሁለቱ ካለፉ ጣርማበር። ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጨለማ ስለሆነ ከመግባትዎ በፊት ጥቁር መነጽር ይውለቅ፣ መብራት ይብራ፣ ፍጥነት ይቀንስ። ዋሻውን ወጥተው ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እስከ ደብረ ሲና ይውረዱና ይቁሙ። የኋላው ታምቡር ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉ። ጭስ ብሎ ከተነነ የወረዱት በማርሽ ሳይሆን በፍሬን ነው፤ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን አንድ ማርሽ አሳንሰው ይውረዱት።