ሐረገ ወይንና ማዕድ፦ ስለ ፒየሞንቴ አገር በቀል የወይን ዘሮች

ስለ ወይን ግንድና ስለ ቅርንጫፎቹ ለሕፃናት በምናስተምርበት ጊዜ ወይን ሲባል አንድ ዓይነት ተክል ብቻ እንዳለ አድርገን የምናስብ ብዙዎች ነን። ነገር ግን ወይንም እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ልዩ ልዩ ዘር ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዱም ዘር የሚስማማው አፈርና አብሮት የሚቀርብ ምግብ አለው። ለዚህ ጥናታችን በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ የሚገኘውን የፒየሞንቴን ክፍለ ሀገር መርጠናል። ይህ አገር ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ 35 ዓመታት ያህል በአገራችን ወንጌልን የሰበኩት፣ ሕዝቡንም የፈንጣጣ ክትባት በመስጠት ያገለገሉት አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1809 የተወለዱት በዚያው በአስቲ አውራጃ፣ ዛሬ በስማቸው ፒዮቫ ማሳያ ተብላ በምትጠራው መንደር ነውና።

ከፒየሞንቴ ዘሮች ሁሉ በክብር ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው ኔቢዮሎ ነው። ስሙ ጭጋግ ከሚለው የኢጣሊያንኛ ቃል እንደ መጣ ይነገራል፤ ፍሬው የሚለቀመው ዘግይቶ በጥቅምት ወር፣ ኮረብታዎቹ ጭጋግ በሚለብሱበት ጊዜ ነው። በአልባ ከተማ ዙሪያ የሚጠመቁት ባሮሎና ባርባሬስኮ የሚሠሩት ከዚሁ ዘር ብቻ ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቀይ በመሆኑ ላላወቀው ለስላሳ ይመስላል፤ ሲቀምሰው ግን አፉን ይጨመድደዋል። ይህም ታኒን ከተባለው፣ በልጣጩና በፍሬው ውስጥ ባለችው ዘር ከሚገኘው ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ጠንካራ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን የሚያደርቀውም እርሱው ነው። ስለዚህ ሕጉ ባሮሎ ለ38 ወራት፣ ከእነዚህም ቢያንስ 18ቱን በእንጨት በርሜል እንዲቆይ ያዝዛል። እንዲህ ያለውን ወይን ጠጅ ያለ ምግብ መጠጣት ለጠጪውም ለወይኑም አይበጅም። የሥጋ ስብና ገንቢ ምግብ ታኒኑን ስለሚያለዝበው፣ የአገሩ ሰዎች የበሬ ሥጋን በዚያው ወይን ጠጅ ዘፍዝፈው በዝግታ እሳት ለሰዓታት ያበስሉና አብረው ያቀርቡታል።

ኔቢዮሎ የበዓል ከሆነ ባርቤራ የዘወትር ነው። በክፍለ ሀገሩ ከሚተከሉት ቀይ ዘሮች ሰፊውን መሬት የያዘው እርሱ ሲሆን፣ ታኒኑ ጥቂት፣ ጎምዛዛነቱ ግን ብዙ ነው። ይህ ጎምዛዛነት ጉድለት የሚመስለው ባኛ ካውዳ የተባለውን ምግብ ያላየ ሰው ነው። ነጭ ሽንኩርትና በጨው የተጠበቀ ትንሽ ዓሣ በወይራ ዘይት ይበስሉና፣ ቤተሰቡ በእሳት ላይ ያለውን አንድ ዕቃ ከብቦ ጥሬና የተቀቀለ አትክልት እያጠቀሰ ይበላል። የዘይቱን ክብደትና ጨውን ከአፍ የሚያጥበው ባርቤራ ነው።

ይሁን እንጂ የዘወትር የሆነው ነገር በቀላሉ ይናቃል። እ.ኤ.አ. በ1986 አንዳንድ ነጋዴዎች የርካሽ ወይን ጠጅን የአልኮል መጠን ከፍ ለማድረግ ሜታኖል የተባለውን መርዝ ጨመሩበት፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎችም ዓይናቸው ጠፋ። ከተሸጡት ጠርሙሶች መካከል የባርቤራ ስም የተለጠፈባቸው ነበሩ። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የጀመረው መርዙ ከመጨመሩ አስቀድሞ፣ ወይኑ በአልኮሉ መጠንና በዋጋው ብቻ መመዘን በጀመረበት ጊዜ ነው። የላቲን ሥርዓት ቀኖና በቁጥር 924፣ የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ደግሞ በቁጥር 706፣ ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከወይን ፍሬ የተገኘ፣ ተፈጥሯዊና ያልተበላሸ እንዲሆን የሚያዙትን ቃል ለተማሪዎች ስናስረዳ ይህን ታሪክ ብናስታውስ ይጠቅማል።

ዶልቼቶ ስሙ «ጣፋጭ» የሚል ስሜት ቢኖረውም ወይኑ ጣፋጭ አይደለም፤ ጥቂት መራራነት አለው። ጥሬ ሥጋ በእኛ አገር ብቻ የሚበላ የሚመስለው ሰው ቢኖር ደግሞ ይታረም፤ በአልባ የጥጃ ሥጋ በቢላዋ ተከትፎ፣ በዘይትና በጨው ታሽቶ ከዶልቼቶ ጋር ይቀርባል። ሚጥሚጣ ግን የለውም። ፍሬይዛ የኔቢዮሎ የቅርብ ዘመድ መሆኑ በዘር ምርመራ ተረጋግጧል፤ ብዙ ጊዜ በመጠኑ አረፋ እንዲኖረው ተደርጎ ይጠመቃል።

ከነጮቹ መካከል የአርኔይስ ታሪክ ያስደንቃል። ፍሬው ጣፋጭ በመሆኑና ቀድሞ በመብሰሉ፣ ገበሬዎች በኔቢዮሎ ተክሎች አጠገብ ይተክሉት ነበር፤ ወፎቹ እርሱን እየበሉ ውዱን ዘር እንዲተዉላቸው ነው። በዚህ ሁኔታ ለወፍ የተተወው ዘር እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ሳለ፣ ጥቂት ጠማቂዎች ለብቻው ጠምቀው አዳኑት። ዛሬ በሮኤሮ ኮረብታዎች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ለአትክልትና ለቀላል ምግብ ይስማማል። በጋቪ ዙሪያ የሚበቅለው ኮርቴዜ ለዓሣ ነው።

በመጨረሻ የሚቀርበው የአስቲ ሞስካቶ ነው። የአልኮል መጠኑ ከመቶ 5 ያህል ብቻ፣ ጣፋጭና መዓዛው እንደ አበባ የሆነ ሲሆን፣ ከኬክና ከፍራፍሬ ጋር ይጠጣል። እንደ ባሮሎ ለዓመታት ቢያስቀምጡት መዓዛውና አረፋው ይጠፋልና፣ በተጠመቀ በዓመቱ ቀዝቀዝ ተደርጎ ሊጠጣ ይገባል።